ልጄ ቁመቱ 5 ጫማ ከ7 ነው፤ በረኒንግ ባክነት እስከ ላይ መሄድ ይችላል?

የጋርላንዱ አባት፦

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ጋርላንድ፣ ቴክሳስ ነው፤ የኤርፖርት ታክሲ እነዳለሁ። ጥያቄዬ ስለ ልጄ ነው። የምታውቁ ካላችሁ እውነቱን ንገሩኝ፤ እንዳይከፋው ብላችሁ አታለሳልሱብኝ።

ልጄ 16 ዓመቱ ነው፣ 11ኛ ክፍል። በሃይስኩሉ የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን ረኒንግ ባክ ነው፤ ኳሱን ከኳርተርባኩ (ጨዋታውን ከሚመራውና ኳሱን ከሚወረውረው) ተቀብሎ በሰው ክምር መሃል የሚሮጠው ማለት ነው። ቁመቱ 5 ጫማ ከ7 ኢንች፣ ክብደቱ 152 ፓውንድ። በየዓመቱ ለእንቁጣጣሽ የወጥ ቤታችን በር መቃን ላይ ቁመቱን በእርሳስ አሰምርለታለሁ። የዘንድሮው መስመር ከአምናው በጣት ውፍረት ነው የበለጠው። እኔም እናቱም አጭር ነን፤ ከየት ያመጣዋል?

ዓርብ ማታ ለታክሲ ጥሩ ሥራ ያለበት ሰዓት ነው። እኔ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ዓርብን ትቼ ስታዲየም ነው የማመሸው። ባለፈው ዓርብ ሁለት ነገር አየሁ። ሦስተኛው ኳርተር ላይ ኳሱን ተቀብሎ ወደ ግራ ሄደ፤ ትልልቆቹ ልጆች ተቆላልፈው ሲገፋፉ ከወገባቸው በታች ጠፋብኝ። የት ገባ ስል ከኋላቸው ብቅ አለ። ሊይዘው የተወረወረው ልጅ የያዘው አየር ነው። 34 ያርድ ሮጠ። አጠገቤ የተቀመጡት አሜሪካዊት ሴትዮ ትከሻዬን ይዘው ጮኹ።

ትንሽ ቆይቶ ኳርተርባኩ ሊወረውር ወደ ኋላ ሲል፣ የኔ ልጅ ሥራ ከፊቱ ቆሞ መጠበቅ ነበር። ከወዲያ አንድ ላይንባከር (ከፊት መስመሩ ኋላ የሚቆም ተከላካይ)፣ 220 ፓውንድ የሚሆን፣ ተንደርድሮ መጣ። ልጄ አልሸሸም፤ ፊት ለፊት ቆመለት። ያኛው ግን ይዞት ሄደ። ልጄንም ኳርተርባኩንም አንድ ላይ ጣላቸው። ሄልሜቶቹ ሲጋጩ የወጣው ድምፅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። ከዚያ በኋላ መወርወር ባለበት ጨዋታ ሁሉ አሰልጣኙ እሱን እያስወጣ ሌላ ልጅ ያስገባ ጀመር።

መኪና ውስጥ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ቤት ስንደርስ ጫማውን እየፈታ "አባዬ፣ ቁመቴ ነው አይደል?" አለኝ። መልስ አጣሁ።

አጎቱ "የኛ ሰው ለ10 ሺህ ሜትር ነው የተፈጠረው፤ ኃይሌስ ቁመቱ 1.65 አይደል? ወደ ሩጫው መልሰው" ይለኛል። ልጁ ረጅም ሩጫ አይወድም፤ ሞክሮት ትቶታል። ክፍሉ ግድግዳ ላይ የለጠፈው የረኒንግ ባኩን የአሽተን ጄንቲን ፎቶ ነው፤ እዚሁ አጠገባችን ፍሪስኮ ከተማ ውስጥ ሃይስኩል የተጫወተውን።

የሰውነት ማነስ እውነት በሩን ይዘጋዋል? ወይስ የሚሠራበት ነገር አለ?

ከሚኒሶታ፦

ወንድሜ፣ እውነቱን ስላልክ ልንገርህ። ከቁመቱ በፊት ቁጥሩን እይ። በዚህ አገር ሃይስኩል ውስጥ 1 ሚሊዮን ገደማ ልጅ ፉትቦል ይጫወታል። ኮሌጅ ላይ የሚቀጥሉት ከ100 7 ያህሉ ናቸው። ከኮሌጅ ወደ ፕሮፌሽናሉ ሊግ፣ ኤንኤፍኤል፣ የሚገቡት ደግሞ ከ100 ሁለት አይሞሉም። 6 ጫማ የሆነውም ልጅ የሚያልፈው በዚሁ ወንፊት ነው። እኔ ብሆን መጀመሪያ የምጠይቀው ኮሌጅ የሚያስተምረው ስኮላርሺፕ ያገኛል ወይ ብዬ ነው። የሂሳብና የእንግሊዝኛ ውጤቱን አጥብቀህ ያዝ።

ቁጥር 28፦

ጋሼ፣ ጥያቄዎን ሥራ ቦታ ሆኜ አነበብኩት፤ እስክወጣ ድረስ ከአእምሮዬ አልጠፋም። እኔ ያ ልጅ ነበርኩ። 5 ጫማ ከ8፣ ኮሌጅ ስገባ 168 ፓውንድ። በአንድ ትንሽ የዲቪዥን 2 (ከትልልቆቹ ኮሌጆች አንድ ደረጃ ዝቅ ያለ ውድድር) ኮሌጅ ሦስት ዓመት ረኒንግ ባክ ሆኜ ተጫውቻለሁ፤ አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆች አሠለጥናለሁ።

መጀመሪያ ለልጁ ይህን ይንገሩት፤ አጭር መሆንና ትንሽ መሆን ሁለት የተለያየ ነገር ነው። ሰው ሁሉ ይቀላቅለዋል፣ አሰልጣኞችም ጭምር።

የኤንኤፍኤሉ ዝነኛ ረኒንግ ባክ ባሪ ሳንደርስ 5 ከ8 ነበር፤ ግን 203 ፓውንድ ይመዝናል። ዴሪክ ሄንሪ 6 ከ3 ነው፣ 247 ፓውንድ። ሐኪም ቤት ክብደትን ከቁመት ጋር አነጻጽረው በሚያወጡት ቢኤምአይ ያስሏቸው፤ ሁለቱም 30.9 ላይ ያርፋሉ። ጎን ለጎን ቢቆሙ አባትና ልጅ ይመስላሉ፣ ድንድንናቸው ግን እኩል ነው። ሞሪስ ጆንስ ድሩ ልክ እንደ ልጅዎ 5 ከ7 ነበር፤ ክብደቱ ግን 210፣ ቢኤምአዩ 33 ሊሞላ ምንም አልቀረው። ግድግዳው ላይ ያለው ጄንቲም 5 ከ8 ተኩል፣ 211 ፓውንድ ነው፤ በ2025 ድራፍት (የኤንኤፍኤል ቡድኖች አዲስ ተጫዋች በተራ የሚመርጡበት) ላስ ቬጋስ ሬደርስ 6ኛ አድርጎ ወሰደው። የልጅዎን አሰላሁት፤ 23.8 ነው። ያ ላይንባከር ይዞት የሄደው ለዚህ ነው። ቁመቱን ማንም አይጨምርለትም፤ የጎደለው 40 እና 50 ፓውንድ ግን በዓመታት ይመጣል።

እንዲያውም ማጠር ለዚህ ቦታ ይጠቅማል። ከፊቱ ቆመው መንገድ የሚከፍቱለት ላይንመኖች ላይኛው ደረጃ ላይ 6 ከ4፣ 6 ከ5፣ ከ300 ፓውንድ በላይ ናቸው። ላይንባከሩ ከእነሱ ጀርባ ያለውን አጭር ሰው የሚያየው ዘግይቶ ነው። እርስዎ ራስዎ "ጠፋብኝ" አሉ አይደል? የሚጠብቀውም ልጅ ጠፍቶበታል። ከታች ያለ ሰው ደግሞ ሲመቱት ቶሎ አይወድቅም፣ ሲዞርም ቶሎ ይዞራል።

ሳንደርስ ዊቺታ፣ ካንሳስ ሃይስኩል እያለ ዋናውን የረኒንግ ባክ ቦታ ያገኘው በመጨረሻው ዓመቱ ነው። ኮሌጆች ትንሽ ነው ብለው አልተሻሙበትም። ኦክላሆማ ስቴት ገብቶ ሁለት ዓመት የሌላ ሰው ተቀያሪ ሆነ፤ ሦስተኛው ዓመት፣ 1988፣ 2,628 ያርድ ሮጠ። ሪከርዱ ዛሬም ቆሟል። በ2024 ሊሰብረው ተቃርቦ በ27 ያርድ ያነሰው ማን መሰለዎት? ጄንቲ ነው። የአንድ ዓመት ሪከርዱ ላይ የተያያዙት ሁለቱም 5 ከ8 አካባቢ የሆኑ ሰዎች ናቸው። በኤንኤፍኤል ታሪክ ደግሞ ከሁሉም በላይ የሮጠው የእናንተው የዳላሱ ኤሚት ስሚዝ ነው፣ 18,355 ያርድ፤ ቁመቱ 5 ከ9።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ።

አሰልጣኙ ልጅዎን ያስወጣው ስለማይሮጥ አይደለም። ብሊትዝ ሲመጣ፣ ማለትም ተጨማሪ ተከላካይ ኳርተርባኩን ሊጥል ሲንደረደር፣ ይጠብቀዋል ብሎ ስላላመነው ነው። ትንንሽ ረኒንግ ባኮች የሚቀሩት እዚህ ጋ ነው፤ ሕዝቡ የሚያጨበጭበው ሩጫ ላይ አይደለም። እኔም የቀረሁት እዚያ ነው። ሁለተኛ ዓመቴ ላይ፣ ዝናብ በጣለበት ቀን፣ አንድ ላይንባከር በቀኜ መጣ። አየሁት። ግን ቀጥ ብዬ ቆሜ ጠበቅኩት። በደረቴ ላይ አልፎ ኳርተርባካችንን ሲጥለው የትከሻው አጥንት ሲሰበር ሰማሁ። ከዚያ ቀን በኋላ ለመሮጥ ብቻ ነበር የሚያስገቡኝ። ለመሮጥ ብቻ የሚገባ ሰው ደግሞ ገና ሲገባ ጠላት ምን እንደሚመጣ ያውቃል።

ያኔ ያላወቅኩትን ልንገርዎት። ትልቁን ሰው ቆሞ መጠበቅ አይቻልም፤ እሱ ፍጥነት ሳይሰበስብ ሁለት እርምጃ ወደ እሱ ሄዶ መግጠም ነው። ጉልበት መታጠፍ፣ መቀመጫ መውረድ፣ ጀርባ ቀጥ፣ እጆች ከውስጥ በኩል ደረቱ ላይ፤ አናት በፍጹም ወደፊት አይቀድምም። ከታች የገባ ያነሳል። በ2007 ጆንስ ድሩ ሾን ሜሪመን የተባለውን 6 ከ4፣ 270 ፓውንድ የሚሆን የሳንዲዬጎ ላይንባከር በአንድ ግጥሚያ ጀርባው ላይ ሲያስተኛው የሚያሳይ ቪዲዮ አለ። ያሳዩት። ኳሱን አይከተል፤ የጆንስ ድሩን ጉልበት ብቻ ይይ።

በነገራችን ላይ ጆንስ ድሩ 32 ቁጥር የለበሰው በድራፍቱ የመጀመሪያ ዙር 32ቱም ቡድኖች ስላለፉት ነው። ሁለተኛ ዙር ላይ ጃክሰንቪል ወሰደው፤ በ2011 በ1,606 ያርድ የሊጉ አንደኛ ሯጭ ሆነ።

ከሚኒሶታ፦

ቁጥር 28፣ ጥሩ አስረድተሃል፤ ግን ልጁ ተስፋ ብቻ ይዞ እንዳይቀር። ቢል ባርንዌል የተባለ ጸሐፊ በ2008 ያወጣው ስሌት አለ። ክብደቱን በ200 ታባዛለህ፤ ከዚያ 40 ያርድ የሚሮጥበትን ሰዓት በሴኮንድ አራት ጊዜ ጽፈህ እርስ በርሱ አባዝተህ ታካፍልበታለህ። 100 ጥሩ አማካይ ነው። ወንድሜ፣ የልጅህ 40 ያርድ ስንት ነው?

የጋርላንዱ አባት፦

በበጋው የለኩት 4.62 ብለውታል።

ከሚኒሶታ፦

እንግዲህ ዛሬ ባለው 152 ፓውንድ 67 ያህል ይመጣል። 195 ፓውንድ ቢደርስና ፍጥነቱን እንደያዘ ቢቆይ 86። ወደ 4.5 ቢወርድ 95። ክብደት ጨምሮ ሰዓት መቀነስ ሁለቱንም አንድ ላይ ነው የሚጠይቀው፤ ይህ ደግሞ ቀላል አይደለም። ዱስ ቮንን እንይ። እሱም የቴክሳስ ልጅ ነው፣ 5 ከ5፣ 179 ፓውንድ። ካንሳስ ስቴት ላይ ሁለት ዓመት በተከታታይ ከ1,400 ያርድ በላይ ሮጧል። በ2023 የዳላስ ካውቦይስ በ6ኛው ዙር ወሰደው፤ አባቱ ያኔ እዚያው ቡድን ስካውት (ተጫዋች መልማይ) ነበሩና ስልኩን የደወሉለት እሳቸው ነበሩ። አልቅሻለሁ ስመለከተው። በመጀመሪያ ዓመቱ ግን 23 ጊዜ ኳስ ተሰጥቶት 40 ያርድ ነው የሮጠው።

ቁጥር 28፦

ልክ ነው፣ አልክድም። ከ190 በታች ሆኖ ዋና ሯጭ መሆን በጣት የሚቆጠር ሰው ነገር ነው። ዋሪክ ደን አለ፤ 5 ከ9፣ 180 ፓውንድ አካባቢ፣ በ1997 ታምፓ ቤይ 12ኛ አድርጎ ወስዶት 12 ዓመት ተጫውቶ 10,967 ያርድ ሮጧል። እሱን አይቶ ሁሉም ይሆናል ማለት ግን ልጁን ማታለል ነው።

ያም ሆኖ ስሌቱ የማያየው ነገር አለ። ካይረን ዊሊያምስ 5 ከ9፣ 194 ፓውንድ፣ 40 ያርዱን በ4.65 ነው የሮጠው፤ በአንተ ስሌት 83። በ2022 እስከ 5ኛ ዙር ማንም አልነካውም። በ2023 ለራምስ በ12 ጨዋታ 1,144 ያርድ ሮጠ። ሜዳ ላይ ያቆየው ምን መሰለህ? ብሊትዝ ሲመጣ ማንም ላይ ዘሎ ይገባል፤ አሰልጣኙ የሚያስወጣበት ምክንያት የለውም።

ሁለተኛው መንገድ የተወረወረ ኳስ መቀበል ነው። ዳረን ስፕሮልስ 5 ከ6፣ 190 ፓውንድ። በ2011 ለኒው ኦርሊንስ 603 ያርድ ሮጦ፣ 710 ያርድ ተወርውሮለት ይዞ፣ የቀረውን የተመታ ኳስ እየመለሰ በድምሩ 2,696 ያርድ አደረገ፤ የሊጉ የአንድ ዓመት ሪከርድ ሆነ። ከግማሽ በላዩ የመጣው ኳስ በመመለስ ነው። ዳኒ ውድሄድ ደግሞ 5 ከ8 ሆኖ፣ ኔብራስካ ውስጥ ቻድሮን ስቴት ከሚባል የዲቪዥን 2 ኮሌጅ፣ ድራፍት ሳይደረግ ገብቶ በሊጉ ፍጻሜ፣ ሱፐር ቦውል ላይ፣ ኳስ ይዞ ተችዳውን (ነጥብ) አስቆጥሯል። እኔም ዲቪዥን 2 ስለነበርኩ የእሱን ነገር በልቤ ይዤ ነው የኖርኩት።

ስለዚህ ጋሼ፣ ልጅዎ በየቀኑ ከልምምድ በኋላ 50 ኳስ ይያዝ። ሌላው ይቅር፣ ይህን ብቻ ቢያደርግ የሚገባበት በር አንድ ይጨምራል።

ክብደት ሲጨምር ደግሞ የኔን ስህተት አይድገም። አንድ በጋ በርገርና ሚልክሼክ እየበላሁ 20 ፓውንድ ጨመርኩ፤ ነሐሴ ላይ ስንመለስ እግሬ የኔ አልመስል አለኝ። በሁለተኛው ሳምንት የጭኔ ጅማት ተበጠሰ። በዓመት 10፣ 12 ፓውንድ፣ በስኳትና በእውነተኛ ምግብ፤ በቃ።

የጋርላንዱ አባት፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቁጥር 28፣ ልጄ፣ የጻፍከውን ለልጁ አነበብኩለት፤ አማርኛው የከበደውን በእንግሊዝኛ እየተረጎምኩ። የጉልበቱ ነገር ላይ ሲደርስ ተነስቶ ቆመና ሳሎን መሃል ጉልበቱን አጥፎ አሳየኝ።

አንድ ነገር አልነገርኳችሁም። ልጁ ከእናቱ ጋር ረቡዕና ዓርብ ይጾማል፤ በራሱ ፈቃድ ነው፣ ማንም አላስገደደውም። ጨዋታው ግን ዓርብ ማታ ነው። ጠዋት ምንም ሳይቀምስ ትምህርት ቤት ሄዶ፣ 9 ሰዓት ላይ ሽሮ በእንጀራ በልቶ ነው ሜዳ የሚገባው። ክብደቱ እምቢ ያለው በዚህ ይሆን? እናቱን ይህን መጠየቅ ከበደኝ።

ነርስ፣ ከአውሮራ፦

ወንድሜ፣ ሁለት ወንድ ልጆች አሉኝ፣ ስለዚህ እንደ እናትም እንደ ነርስም ነው የምመልስልህ።

ጾሙን አታስጥለው። ልጁ በራሱ የያዘውን ነገር ስትነጥቀው ሌላ ነገር ይጎድልበታል። ንስሐ አባቱን አነጋግሯቸው፤ የሚያድግ ልጅ፣ የሚለፋ ልጅ ስለ ሰዓቱ ምን እንደሚሉ እሳቸው ያውቃሉ። ምግቡን ግን አስተካክሉለት። ጡንቻ ለሚሠራ ሰው በኪሎ 1.6 ግራም ያህል ፕሮቲን ይመከራል። 152 ፓውንድ 69 ኪሎ ነው፤ በቀን 110 ግራም መሆኑ ነው። አንድ ኩባያ የበሰለ ምስር 18 ግራም አለው። ሽሮው ጥሩ ነው፣ ግን ስስ አድርጎ በእንጀራ ጠቅልሎ መብላት አይሞላውም። ወፍራም ሽሮ፣ ምስር ወጥ፣ ፉል፣ የኦቾሎኒ ቅቤ በዳቦ፤ ሐሙስ ማታ ከመተኛቱ በፊት ደግሞ በደንብ ይብላ። ዓርብ ከትምህርት ቤት ሲወጣ በሶ በማር በጥብጣችሁ በኮዳ ያዙለት። አያቶቻችን ስንቅ ያደረጉት በከንቱ አልነበረም። በፍስኩ ቀን እንቁላል፣ ወተት፣ ሥጋ።

ስለ ቁመቱ፣ ሐኪሙ የእጅ አንጓውን ራጅ አንስቶ አጥንቱ ገና የማደግ ዕድል እንዳለው ማየት ይችላል። ቢያንስ ከመገመት ይገላግላችኋል።

ዋናው ግን ሌላ ነው። ሄልሜቶቹ ሲጋጩ ድምፁን ሰማሁ ብለሃል። ከዚያ በኋላ ራሱን አመመው? መብራት አስጠላው? መኪና ውስጥ ዝም ያለው በንዴት ነው ወይስ በሌላ? ጠይቀው። ዝም ያሉ ልጆች ብዙ አይቻለሁ፤ ከሜዳ እንዳይወጡ ብለው ይደብቃሉ። ቴክሳስ ውስጥ ጭንቅላቱ ተመትቷል ተብሎ የተጠረጠረ ተማሪ ሐኪም በጽሑፍ ሳይፈቅድለት ተመልሶ እንዳይጫወት ሕግ አለ፤ ሕጉ የሚሠራው ግን ልጁ ሲናገር ነው። ትንሽ ሰውነት ያለው ልጅ ለማሳየት ሲል ይበልጥ ይደብቃል። ይህን እወቅበት።

የጋርላንዱ አባት፦

እህቴ፣ የጻፍሽውን ያነበብኩት ሌሊት 7 ሰዓት ላይ ኤርፖርት ተራ ስጠብቅ ነው። ጠዋት ትምህርት ቤት ሳደርሰው ጠየቅኩት። መጀመሪያ "ደህና ነኝ" አለ። መኪናውን አቆምኩና ዝም ብዬ ጠበቅኩት። ያን ሌሊትና በማግስቱ ራሱን እንዳመመው ያን ጊዜ ነገረኝ። ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት፤ የዚህን ሳምንት ጨዋታ ከለከሉት። አለቀሰ። አጠገቡ ተቀመጥኩ።

ንስሐ አባቱንም አነጋግረናቸዋል፤ በጨዋታ ቀን ጠዋት እንዲቀምስ ፈቅደውለታል። እናቱ በሶውን ራሷ ናት የምትበጠብጥለት፤ እኔ የፈራሁትን ያህል አልከበዳትም።

ሲፈቀድለት ጋራዥ ውስጥ አሮጌ ፍራሽ ግድግዳው ላይ አስደግፌ እሱን እየገጠመ እንዲለማመድ አስቤያለሁ። ቁጥር 28፣ ልክ ነኝ?

ቁጥር 28፦

ጋሼ፣ ልክ ነዎት፤ ግን ሐኪሙ ሳይፈቅድ ፍራሹንም አይንካ። እስከዚያ ኳስ መያዙን ብቻ፣ ያውም ቆሞ፣ ሐኪሙ እሺ ካሉ። ሲጀምር ፍራሹን ከወለሉ በጣም ከፍ አያድርጉት፤ እጁ የሚያርፍበት ቦታ ላይ፣ በደረት ልክ፣ በጠመኔ ምልክት ያድርጉ። ከጎን ሆነው በስልክዎ ቀርጸው ይላኩልኝ። ጉልበቱንና አናቱን አይቼ እነግራችኋለሁ።